ባለወንበር ማጭድ

ደባርቅ፣ ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ባሕር ማዶ ላለችው ለታናሽ እኅቴ ለእናናዬ ይድረስ።

የደረስጌ ማርያም ከፊትሽም ከኋላሽም ትቁምልሽ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ቢያመኝም ቆሜ እሄዳለሁ።

ይህን የጻፈው መምሬ ኪዳነ ማርያም እንዳይመስልሽ። የገዛ እጄ ነው። ጠማማ ፊደል ብታዪ የኔ ነው፤ ቀጥ ያለ ብታዪም የኔ ነው። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ «አሮጊት ተምራ ምን ልትሆን ነው» ብለው የሳቁ ነበሩ። ከጎረቤቴ ከፋንታዬ ቀድሜ ሰርተፊኬቴን ወሰድሁ፤ እሷ እስካሁን «ኘ» እና «ኝ» ይምታቱባታል። አንቺ ከፈረንጆቹ ልጆች ጋር በወንበር ተቀምጠሽ ስትማሪ እኔ ልጅሽን አዝዬ ስለነበር ነው የዘገየሁት።

ለጉዳዬ ነው የጻፍኩት። የፓርኩ ፈረንጆች አንቺን ይዘው ሲሄዱ ለኔ የጣሉልኝ የሣር ማጨጃ አለ አይደል፣ ሰዉ ሁሉ «ባለወንበር ማጭድ» የሚለው? ከጎተራው ጎን ዶሮ ሲያድርበት ኖረ። ወታደሩም ሽፍታውም አይቶ አለፈው፤ ተቀምጠውበት የማይንቀሳቀስ ነገር ምን ያደርግላቸዋል። ዘንድሮ ልጅቷ፣ ስጦታ፣ ከተኛበት ቀሰቀሰችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ትጥልና ከሥሩ ትገባለች፤ ከውጭ የሚታየው እግሯ ብቻ ነው። ባለወፍጮው አለነ አይቶት «ቤንዚን የሚያጠጣው ዕቃ ተበልቷል፣ ካርቡራቶር ይባላል፣ እዚህ አይገኝም» አለ። ይህን ዕቃ ፈልጊልኝ። የማን ሥራ እንደሆነ እንዲያውቁልሽ ግንባሩ ላይ የነበረውን የብረት ምልክት ነቅዬ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ።

ሞተሩ ከተነሣ የገበሬ ማኅበሩ የረባዳውን ሜዳ ሣር ለስጦታ እሰጣለሁ ብሏል። ሥራ ያገኘ ልጅ ከቤቱ አይርቅም።

ልጅቷ ደኅና ናት።

እኅትሽ ሸዋነሽ


ኖርዊች፣ የካቲት 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ ሸዋነሽ፣

ጤናዎንና ዕድሜዎን ፈጣሪ ያብዛልኝ። ደብዳቤው የእጅዎ ጽሑፍ መሆኑን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ስንቴ ደጋግሜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም፤ ይስቁብኛል።

የላኩትን ምልክት ይዤ እኛ ሰፈር የሣር ማጨጃ ወደሚጠግኑ ሽማግሌ ሄድሁ። ሰውዬው አገላብጠው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ የጋሪው ስም ነው አሉ። አካሉን የሠራው አንድ ፋብሪካ ነው፣ ሞተሩን የሠራው ሌላ ነው። አካሉን የሠሩት ሞተር ከፈለጉበት ይገዛሉ፤ አንድ ዓይነት አካል ላይ አንዱን ዓመት ይህ፣ ሌላውን ዓመት ያ ሞተር ይቀመጥበታል። ስለዚህ የሞተሩን የራሱን መለያ ካላወቁ ዕቃ አይሸጡልኝም። መለያው ከወንበሩ ፊት ያለው ክዳን ሲነሣ፣ ሞተሩን እንደ ቆብ የሸፈነው ቆርቆሮ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች ናቸው። አፈርና ዘይት ይሸፍነዋልና በጋዝ ይጥረጉት።

ስጦታ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ የለ? የእንግሊዝኛውን ፊደል ታውቀዋለች። ገልብጣ ራሷ ብትጽፍልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። አንድ መስመር ትበቃኛለች። ቁመቷ የት ደረሰ? አሁንም ስትተኛ እጇን ከጉንጯ ሥር ታደርጋለች? አባቷ ክንዴም እንደዚያ ነበር የሚተኛው፣ ነፍሱን ይማረው።

የብርድ ኮት ልኬላታለሁ። በግምት ነው የገዛሁት።

ታናሽዎ እናናዬ


ደባርቅ፣ ሰኔ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእናናዬ፣

በሰላም ያዋልሽ በሰላም ያሳድርሽ። ደብዳቤሽ በፋሲካ ደርሶኛል። ክረምቱ ሳይገባ ልመልስ ብዬ እንጂ አሁንም ጊዜ የለኝም።

ያልሽውን ቦታ በጋዝ ጠርጌ አየሁት። እውነትሽን ነው፣ ጽሑፍ አለው። ይኸውልሽ፣

ሀዘፐ 146

ከሥሩም ሌላ የተደረደረ ቁጥር አለ፤ ዓይኔ አልለየውም። ይህ ይበቃቸዋል።

ስጦታ ራሷ ትጻፍ ያልሽው አይሆንም። ትምህርቷ ላይ ናት። ኮቱ ጠቧታል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ስለ እንቅልፏ አትጠይቂኝ። እንዴት እንደምትተኛ የሚያውቅ አጠገቧ ያደረ ነው። ኩፍኝ ሲይዛት ዓይኗ እንዳይጠፋ ጨለማ ቤት ተቀምጬ የጠበቅሁ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አንቺ የሰው ልጆች ፀጉር ታበጥሪ ነበር። ወቀሳ አይደለም፤ የሆነውን ነው የምነግርሽ።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ ያቺ ፈረንጅ ሠራተኛ ልትመርጥ ቤታችን ስትመጣ ሁለታችንም በር ላይ ቆመን ነበር። ወጥ የምሠራው እኔ፣ ቤት የምይዘው እኔ፣ ታላቋ እኔ። አንቺ ሳቅሽላት። እኔ በእንግዳ ፊት ጥርስ ማሳየት ነውር ነው ብዬ በነጠላዬ አፌን ከደንሁ። ጣቷን ወዳንቺ ዘረጋች። ስቀሽ ነው እንግሊዝ አገር የገባሽው። ይህን ሳስብ የምበላው ይመረኛል።

ካርቡራቶሩን ቶሎ ላኪው።

ሸዋነሽ


ኖርዊች፣ መስከረም 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋነሽ፣

አዲሱ ዓመት የእህልና የሰላም ይሁንልዎ። ስለ አገራችን ድርቅ እዚህ በቴሌቪዥን አየሁ፤ የማውቀው ፊት እንዳላይ እየፈራሁ ነው ያየሁት። እናንተ ዘንድ እንዴት ነው? እህል አላችሁ? አንድም አልጻፉልኝም።

የሞተሩን ስም ለሽማግሌው ወሰድሁላቸው። «ሀ» እና «ዘ» እና «ፐ» ብዬ እንደ ድምፃቸው በእንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው። መዝገባቸውን ቢያገላብጡ እንዲህ የሚባል ሞተር የለም። አንድ ፊደል ብቻ የሚለይ አግኝተው «ምናልባት አንዱን አሳስታ ገልብጣ ይሆናል» አሉ። የዚያን ካርቡራቶር ገዝቼ ልኬያለሁ። ይግጠም አይግጠም እግዜር ያውቃል።

አሁን ዋናውን ልጻፍ። አብሬያቸው የምኖረው ቤተ ሰቦች ስጦታን ለማምጣት ፈቅደዋል። ክፍሉ አለ፣ ትምህርት ቤቱ አለ። ካልፈለገች አላስገድዳትም። ግን መጠየቅ አለባት። እባክዎ ይጠይቁልኝ። ደግሞ ፎቶግራፍ ይላኩልኝ፤ ያለኝ የስድስት ዓመቷ ነው፣ መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም።

ኮቱ ከጠበባት ለማን ሰጡት?

እናናዬ


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእናናዬ፣

ዕቃሽ መጣ። አልገጠመም።

ስጦታ ፖስታ ቤት ሦስቴ ተመላልሳ ያመጣችው ነው። ነጠላ አንጥፋ ፈታችው፤ እንዲህ ያለ አያያዝ ለሰው ልጅ አላየሁባትም። አለነ ወፍጮውን ዘግቶ መጣ። ደምለውና ሌሎቹም ገበሬዎች ቆመው ያያሉ። ብታስጠጋው የብሎኑ ቀዳዳ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ። ብታዞረው ያው።

አለነ «ምነው ስጦታ፣ የእንግሊዝ አፍንጫ በሐበሻ ፊት ላይ አልበቅል አለ?» አላት።

«አንተ ዝም በል፣ ያንተ ወፍጮ ሲያስነጥስ የሰፈሩ በግ ይበረግጋል።»

«ቢያስነጥስም ይፈጫል። ያንቺው ዶሮ ያሳድራል።»

ሰዉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ማታ ግን እራት አልበላችም። እኔ ደግሞ የተረዳኝን ልንገርሽ። የማይገጥም ዕቃ የላክሽው አውቀሽ ነው። ሞተሩ ካልተነሣ ሜዳው ለሌላ ይሰጣል። ሜዳው ለሌላ ከተሰጠ ልጅቷ ደባርቅን ትጠላለች። አሁንም የጎንደር አውቶቡስ ጥሩምባ ሲነፋ የያዘችውን ትታ ቀና ትላለች፤ አይቻታለሁ። ያን ጊዜ «ነይ ልጄ፣ ክፍል አለሽ» ትያታለሽ። ሒሳብሽ ይህ ነው።

አልጠየቅኋትም፤ አልጠይቃትምም። ልጅ በፖስታ ቤት አይላክም።

እህል እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ከቆላው፣ ከአዲ አርቃይ በኩል የሚመጣው ሕዝብ ግን ዓይን አይችለውም። ስለዚህ አልጽፍም።

ሸዋነሽ


ኖርዊች፣ ጥር 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለሸዋነሽ፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ነው የምመልሰው። ሰላምታውን ዝለይው።

አውቄ የማይገጥም ልኬያለሁ አልሽ። ተናድጄ የሰኔውን ደብዳቤሽን አወጣሁ፣ የጻፍሽውን መልሼ ፊትሽ ልጥልልሽ። «ሀዘፐ»ን አየሁት። ጠረጴዛው ላይ ከእንግሊዝኛ ጋዜጣ አጠገብ አስቀምጬው ነበር፤ አንዴ ይህን አንዴ ያን ሳይ ነገሩ ገባኝ። አንቺ የፊደሉን ድምፅ አይደለም የጻፍሽልኝ፣ መልኩን ነው። የእንግሊዞቹ «ዩ» የኛን «ሀ» ይመስላል። «ኤች» ቁርጥ «ዘ» ነው። «ቲ» ደግሞ «ፐ»። አንቺ የመሰለሽን ፊደል አስቀመጥሽ፣ እኔ እንደ ድምፁ አነበብኩት። ሞተሩ ዩ ኤች ቲ 146 ነው። እንዲህ የሚባል ሞተር አለ፤ ወዲያው ሄጄ አረጋግጫለሁ።

መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅሁ። ቆይቼ ግን አለቀስሁ። ስጦታ ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። እሷ ብታየው «ዩ»ን «ሀ» ብላ አትጽፍም ነበር። አላሳየሻትም። የኔንም ደብዳቤ አላስነበብሻትም። ወረቀትና እስክሪብቶ ከልጄ ደብቀሽ፣ በማታውቂው ፊደል ላይ ዓይንሽን ስታፈጥጪ የዋልሽው እኔ አንዲት መስመር እንዳላገኝ ነው። ሞተሩ ይቅር ብለሻል፣ ልጅቷ እንዳትጽፍልኝ!

ዓይኔ አልለየውም ያልሽው የታችኛው ቁጥር ያስፈልጋል፤ ፋብሪካው በመሐል ካርቡራቶሩን ስለቀየረው ቁጥሩ ነው የሚለየው። ያንን ስጦታ በእጇ ጽፋ ትላክልኝ። በሌላ እጅ የተጻፈ ቁጥር ከመጣ ዕቃ አልገዛም። ስለ መምጣቷም የሷን ቃል በሷ እጅ አያለሁ።

እናናዬ


ደባርቅ፣ ሰኔ 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእናናዬ፣

«አንቺ» አልሽኝ። በዕድሜዬ ሙሉ «እርስዎ» ስትይኝ ኖረሽ «አንቺ» አልሽኝ። ደብዳቤሽን ሣጥን ውስጥ ዘግቼበት ከረምሁ።

አዎ፣ አላሳየኋትም። ለምን ላሳያት? አንቺ ወረቀት ላይ ጣፋጭ ነሽ። ስትጽፊ ሽቱ ሽቱ ይላል። እኔ ወረቀት ላይ ምን አለኝ? ያለኝ ደረቅ እጅ ነው። አንድ ደብዳቤሽን ብታነብ የኔን አሥራ ምናምን ዓመት ታጥፈው ነበር። ይህን ነው የፈራሁት፤ ብትፈርጂብኝም ፍረጂ። ኮቱም ልንገርሽ፣ አልጠበባትም። እኔ ለብሼዋለሁ። ልኬ ነው።

ትናንት ጠርቼ ሁሉንም ደብዳቤሽን ሰጠኋት። እኔ ምጣድ እንደሚጠብቅ ሰው ፊቷን እጠብቃለሁ። አነበበች፣ አነበበች፣ «ሀዘፐ» ላይ ስትደርስ ሆዷን ይዛ ተንከተከተች።

«እማዬ፣ ሀዘፐ? ይህ የሰው ስም ነው የሞተር?»

«መልኩን አይደል የጻፍኩ? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ካሁን በኋላ ስምሽ ሀዘፐ ነው።»

ከዚያ ወዲያ በዚህ ስም ነው የምትጠራኝ። ተቆጣሁ ብልሽ ውሸት ነው። እስክሪብቶውን ሰጠኋት። የጻፈችው ከዚህ ጋር አለ። ሳይታሸግ አንብቤዋለሁ፤ ያንቺን ወሬ እኔ ሳላይ አይሄድም።

ሸዋነሽ


(በሌላ ወረቀት ላይ)

ለተከበሩ ወይዘሮ እናናዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደኅና ነኝ። የሞተሩ መለያ ዩ ኤች ቲ 146 ነው። የታችኛው ቁጥር 70318 ነው፤ ሁለቴ አይቼዋለሁ። ከፊተኛው ካርቡራቶር ጋር በላኩልን ብጣሽ ወረቀት ላይ እንዳያፈስ የሚያጠብቅ ስስ ወረቀት በመሐሉ ይገባል ይላል፤ እሱ አብሮ አልመጣም ነበርና አሁን አይርሱት። የቤንዚን ማጥለያውን እኔ ከነጠላ ጨርቅ ሠርቼዋለሁ፤ ትክክል መሆኑን ሽማግሌውን ይጠይቁልኝ።

ወደ እርስዎ እንድመጣ የጻፉትን እማዬ ትናንት አሳየችኝ። ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። አልመጣም። እዚያ ሁሉም ነገር የተጠገነ ይመስለኛል።

አክባሪዎ ስጦታ ክንዴ


ኖርዊች፣ መስከረም 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋነሽ፣

ካርቡራቶሩን፣ ስሱን ወረቀትና ቤንዚኑን የሚለኩስ አንድ ትርፍ ካንዴላ ልኬያለሁ። ሽማግሌው የነጠላው ማጥለያ ጥሩ ነው ብለዋል፤ ሁለት ድርብ ታድርገው።

ደብዳቤዋ ደርሶኛል። «እርስዎ» ብላኛለች። ለቀበሌ እንደሚጻፍ ነው የጻፈችልኝ። እርስዎን «እማዬ» ትላለች፣ «አንቺ» ትላለች፣ ትስቅብዎታለች። እኔ ስድብ እንኳ አልደረሰኝም። በኔ የቀኑት ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምን ነበር? ካንዴላውን ሦስቴ ፈትቼ መልሼ ጠቀለልሁት፣ እትዬ፤ የሚከፍተው የሷ እጅ ነውና።

በ«አንቺ»ው ይቅር ይበሉኝ።

እናናዬ


ደባርቅ፣ የካቲት 4 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእናናዬ፣

የጥምቀቱ በረከት ይድረስሽ።

ሞተሩ ተነሣ። ስጦታ ገመዱን ስትስብ መጀመሪያ እንደ ታመመ ሽማግሌ ሳለ፤ ሁለተኛ ስትስብ ጥቁር ጢስ ተፋና ዝም አለ። እኔ ጸሎት ጀመርሁ። ሦስተኛው ላይ ያዘ። ፋንታዬ ከነዶሮዎቿ ሸሸች። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ወጥታ ረባዳው ድረስ እየነዳች ወረደች፣ ሕዝቡ ከኋላዋ። እኔም ያንቺን ኮት ለብሼ ከኋላ ነበርሁ።

ሣሩን ግን ምን እንደሚያደርገው ታውቂ ነበር? እንደ ትንባሆ ከታተፈው። ለካስ የፈረንጅ ማጭድ ሣር የሚያጭደው ሊጥለው ነው። ደምለው በእፍኙ ዘግኖ አየና «ስጦታ፣ ይህን ለላም ነው ወይስ ለጫጩት የምንሰጠው?» አለ። «ጥፋቱ የስለቱ ነው፣ የሞተሩ አይደለም» አለች። የገበሬ ማኅበሩ ሜዳውን በእጅ ለሚያጭዱ ሰጠ። ታዝናለች ብዬ ነበር፤ ጉዳይዋም አልነበረ። እሷ ሣሩን አላየችውም። ሞተሩን ነበር የምትሰማው፣ አንገቷን እንዲህ ዘንበል አድርጋ።

በዚያው ሰሞን የአለነን ወፍጮ ሊያድስ ከጎንደር የመጣ ባለጋራዥ ይህን ጉድ ሰምቶ አያት። ሞተሩን አስነሥታ፣ አጥፍታ፣ ፈታ ገጠመችለት። «እኔ ዘንድ ትሥራ፣ ማታ ማታ ትማር» አለ። ሴት ልጅ ጋራዥ? ብዬ ጮህሁ። ቀድማኝ እሺ ብላ ነበር።

ከመሄዷ በፊት አንድ ቀን ከማጭዱ ሥር ገብታ እግሯ ብቻ ሲታየኝ ደፈርሁና ጠየቅኋት። ለስንት ዓመት አፌ ላይ የነበረ ነው።

«ስጦታ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ከኔና ከእናናዬ ማንን ትወጃለሽ?»

እጇን ከሥር ዘረጋች።

«ሀዘፐ፣ እባክሽ ያንን ቁልፍ አቀብይኝ» አለች። «ትንሹን።»

አቀበልኋት።

ከጥምቀት ማግስት ባውቶቡስ ሄደች። ስሸኛት ለኔ ወይ ላንቺ ስታለቅስ አያለሁ ብዬ ነበር። እሷ ሾፌሩን «ይህ ሞተር ዘይት ይበላል እንዴ?» እያለች ስትጠይቅ መኪናው ተነሣ።

እንግዲህ እኔም አላሸነፍሁ፣ አንቺም አላሸነፍሽ። ቤቱ ጭር ብሏል። ትናንት ልጽፍልሽ ተቀምጬ ስለ ስጦታ ካልሆነ የምጽፈው አጣሁ። ዕቃ አልጠይቅሽ፣ አልወቅስሽ። ደብዳቤዎችሽን ከመጀመሪያው አውጥቼ አየኋቸው፤ የኔን መልስ ደግሞ በልቤ አውቀዋለሁ። እኔ አንቺን እንዴት ነሽ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም።

እስቲ ንገሪኝ፣ እናናዬ። ብርዱ እንዴት ያደርግሻል? እራትሽን ከማን ጋር ትበያለሽ? ሲያምሽ ማን ውኃ ያቀብልሻል? «አንቺ» እያልሽ ጻፊልኝ፤ ቁጣም ካለሽ አስገቢበት። ዘንድሮ መልስሽን የምጠብቀው ላንቺው ብዬ ነው።

ታላቅሽ ሸዋነሽ